የባሌ ፍልፈል ጥበቃ የሚገባው ስለ መሆኑ

ሰው ከፍጥረት ወገን የሚያከብረውና እንዲጠበቅለት የሚሻው አብዛኛውን ጊዜ በግርማው የሚያስፈራውን፣ አለዚያም በመልኩ ዐይን የሚስበውን ነው። አንበሳ ስለ ግርማው፣ ዋልያ ስለ ቀንዱ፣ ደጋ አጋዘን ስለ ቁመናው ይመሰገናል፤ ምስላቸውም በሳንቲምና በቴምብር ላይ ተቀርጾ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከመሬት በታች የሚኖረውን፣ ሲወጣ የማይታየውን፣ ድምፁም የማይሰማውን ፍጥረት ግን ሥራው የቱን ያህል ቢበዛ የሚያስበው ሰው ጥቂት ነው። ሕንፃን የሚያይ ሁሉ ጕልላቱን ያደንቃል፤ መሠረቱን የሚጠይቅ ግን ግንበኛው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ መሠረቱ በተናደ ቀን ጕልላቱ ብቻውን በአየር ላይ ሊቆም እንደማይችል የማያውቅ የለም።

በባሌ ተራሮች ላይ የሚኖረው ታላቁ ፍልፈል እንደዚህ ያለ መሠረት ነው። ፍልፈል ሲባል በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ በማሳና በጓሮ ውስጥ እየቈፈረ የተክል ሥር የሚበላው፣ ገበሬውም በወጥመድ የሚይዘው ትንሹ ፍልፈል ወዲያው በሐሳቡ ይመጣበታል። የባሌው ግን ምንም እንኳ የዚያ ዘመድ ቢሆን እርሱ ራሱ አይደለም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የነበረው ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ሊቅ በ1842 ይህን ፍጥረት በጽሑፍ ሲገልጠው፣ ትርጓሜው «ባለ ትልቅ ራስ» የሚል ስም ሰጠው። ክብደቱ እስከ 1 ኪሎግራም ገደማ ስለሚደርስ ከዘመዶቹ ከፍልፈሎች ሁሉ በአካል ይበልጣል። መኖሪያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ጀምሮ እስከ 4,000 ሜትርና ከዚያም ጥቂት በሚያልፈው በባሌ ደጋ ላይ ነው። ከዚህ ተራራ በቀር በሌላ አገር ይገኛል ተብሎ አይታወቅም። ስለዚህ ይህ ፍጥረት በባሌ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

የዚህ ፍጥረት አካል ሁሉ ለአንድ ሥራ የተሰናዳ ነው፤ ይኸውም ለመቈፈር ነው። ገበሬ ሞፈሩን፣ ቀንበሩንና ማረሻውን ተሸክሞ ከቤቱ ይወጣል፤ ፍልፈል ግን መሣሪያውን ከገላው ጋራ ይዞ ተወልዷል። ማረሻው የፊት ጥርሱ ነው። ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ሁነው ወደ ፊት የወጡት እነዚህ ጥርሶች ዕድሜውን ሁሉ ሳያቋርጡ ያድጋሉ፤ በአፈርና በድንጋይ ቢያልቁም ከሥራቸው ይተካሉ። በፊት ለፊታቸው ያለው ሽፋን እጅግ ጠንካራ ሲሆን፣ በስተኋላ ያለው ክፍል ለስለስ ያለ ነው። በሥራ ጊዜ የኋለኛው ክፍል ፈጥኖ እያለቀ የፊተኛው እንደ መሮ ስለት ሁኖ ይቀራል። አናጢ መሮውን በየጊዜው በድንጋይ ይስላል፤ የፍልፈል መሮ ግን በሥራው ራሱ ይሳላል። ከዚህም በላይ ከንፈሮቹ ከጥርሶቹ በስተኋላ የሚገጥሙ ስለ ሆኑ፣ አፉን ዘግቶ ጥርሱን ከውጭ በማስቀረት መቈፈር ይችላል፤ ስለዚህ አፈር ወደ ጕሮሮው አይገባም።

ራሱ ከአካሉ ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ትልቅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርስ ብቻውን አፈር አይፈነቅልም፤ ጥርሱን የሚያንቀሳቅሰው የመንጋጋው ጡንቻ፣ ራሱንም የሚያነሣውና የሚያወርደው የአንገቱ ጡንቻ ብርቱ መሆን ይገባዋል። ይህ ሁሉ ጡንቻ የሚተከልበት አጥንት ሰፊና ጠንካራ እንዲሆን ግድ ነው። ስለዚህ ሩፔል ስሙን ያወጣበት ትልቅ ራስ የመቈፈሪያው ኀይል የሚኖርበት ቤት ነው። እግሮቹ አጫጭርና ብርቱዎች ናቸው፤ በጥርሱ የፈነቀለውን አፈር ወደ ኋላ ይጠርጉታል፤ ከዚያም ዞሮ በራሱና በፊት እግሩ እየገፋ ወደ ደጅ ያወጣዋል። ጅራቱ አጭር ነው፤ ጆሮዎቹም በጠጕሩ ውስጥ የተሸሸጉ ትንንሾች ስለ ሆኑ በጠባብ መንገድ ሲተላለፍ ምንም ነገር አይዘውም። ጠጕሩ ወፍራምና ለስላሳ ሁኖ ከቅዝቃዜ ይጠብቀዋል፤ ቀለሙም የደጋውን አፈርና የደረቀውን ሣር ስለሚመስል ከሩቅ ለሚያይ በቀላሉ አይለይም።

ስለ ዐይኑም የሚባል አለ። ብዙ ሰው ፍልፈልን ዕውር ነው ይላል። የባሌው ፍልፈል ግን ያያል፤ ዐይኖቹም ትንንሾች ይሁኑ እንጂ የተቀመጡበት ስፍራ የሚያስደንቅ ነው። ከራሱ ጫፍ፣ ወደ ላይ ከፍ ብለው ስለ ተተከሉ፣ አካሉን ሁሉ በጕድጓዱ ውስጥ አስቀርቶ ዐናቱን ብቻ ብቅ በማድረግ በሜዳው ላይ ያለውን ሁሉ ለማየት ይችላል። ዘበኛ በምሽግ ቀዳዳ እንደሚመለከት እርሱም ከጕድጓዱ አፍ ላይ ሁኖ ጠላቱን ይቃኛል።

የኑሮው ሥርዐትም ከአካሉ አኳኋን ጋራ የተስማማ ነው። እያንዳንዱ ፍልፈል ለየራሱ የሚኖርበት የየብቻው ጕድጓድ አለው። መንገዱ ከመሬት በታች በብዙ ዐሥር ሜትር የሚቈጠር ሲሆን፣ በውስጡ በደረቅ ሣር የተነጠፈ መኝታ ይሰናዳበታል። በሳነቴ ሜዳ ላይ ሌሊቱ ውሃ የሚያረጋ ብርድ፣ ቀኑ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥል ፀሐይ ነው፤ ከመሬት በታች ግን ብርዱም ሙቀቱም ይለዝባል። ፍልፈሉ ፀሐይ ምድሩን ባሞቀች ጊዜ የጕድጓዱን አፍ ይከፍታል፤ አካሉን ገሚስ ያህል ብቻ አውጥቶ በዙሪያው የሚደርስበትን ሣርና ቅጠል በጥርሱ እያጨደ ወደ ውስጥ ይስባል። የኋላ እግሮቹ ከጕድጓዱ የሚወጡት በጭንቅ ነው፤ አደጋ ሲመጣ ወደ ኋላው ለመግባት ዐይን እስኪጨፈን ያህል እንኳ አይፈጅበትም። በዙሪያው ያለውን ከጨረሰ በኋላ ያንን አፍ በአፈር ደፍኖ በሌላ ስፍራ አዲስ አፍ ይከፍታል። እንዲህ እያለ በቀን ውስጥ ከመሬት በላይ የሚታይበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

በዚህም ጊዜ ቢሆን ብቻውን አይደለም። በባሌ ደጋ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ፍልፈሉ አፈር ሲገፋ ከአፈሩ ጋራ የሚወጡትን ትሎችና ተባዮች ለመልቀም ስትል ከጕድጓዱ አጠገብ ትቆማለች። ቀበሮ ወይም ሌላ አዳኝ ሲመጣ እርስዋ ቀድማ አይታ ትጮኻለች፤ ፍልፈሉም ጩኸትዋን ሰምቶ ይገባል። አንዱ ቈፍሮ ያበላል፤ ሁለተኛይቱ ጠብቃ ታድናለች። የማይመሳሰሉ ሁለት ፍጥረታት ሳይነጋገሩ በአንድ ሜዳ ላይ የሚረዳዱበት ይህ ኑሮ፣ አንዱ ከተነቀለ ሌላው እንደሚጐዳ ለሚያስተውል ሰው ሁሉ ያስረዳል።

ፍልፈሉ ለራሱ እንጂ ለምድሩ ብሎ አይቈፍርም። ሥራው ግን ከእርሱ አልፎ ለምድሩ ይተርፋል። በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ፍልፈሎች የሚኖሩባቸው ስፍራዎች አሉ። ይህን ያህል ቈፋሪ ከዓመት እስከ ዓመት የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ሲያወጣ፣ የላይኛውን ሣርና ቅጠል ደግሞ ወደ ታች ሲያስገባ፣ ምድሩ በበሬና በማረሻ ሳይነካ ይገለበጣል። አየር ወደ ሥሩ ይገባል፤ ዝናቡም ለመስረጊያ መንገድ ያገኛል፤ የበሰበሰው ቅጠል አፈሩን ያዳብረዋል። በቈፈረበት ስፍራ አፈሩ ለጥቂት ጊዜ ባዶ ሁኖ ይታያል፤ እርሱ ወደ ሌላ ሥፍራ ካለፈ በኋላ ግን አዲስ ቡቃያ ይወጣበታል። የባሌ ደጋ ምድር ጠፍጣፋ ምንጣፍ ሳይሆን ጕብታና ጕድጓድ፣ አሮጌና አዲስ ሣር የተቀላቀለበት የሆነው በአብዛኛው በዚህ ፍጥረት ሥራ ነው።

ይህም ምድር የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ዌብ፣ ወልመልና ሌሎችም ወንዞች ከባሌ ተራሮች ተነሥተው ወደ ገናሌና ወደ ዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች ይወርዳሉ፤ ከቆላው ኢትዮጵያዊ አርብቶ አደር አልፈው እስከ ሶማልያ ድረስ ያለውን ሕዝብ ያጠጣሉ። በደጋው ላይ የዝናብ ውሃ እንደ ስፖንጅ ተመጥጦ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ሣሩና አፈሩ ደኅና በሆነ ጊዜ ነው። አፈሩ ከተረገጠና ከተራቈተ ውሃው በክረምት ጐርፍ፣ በበጋ ጥማት ይሆናል። ስለ ፍልፈል መናገር ስለ ውሃ ከመናገር የራቀ የሚመስለው ሰው፣ በሳነቴ ላይ የሚወርደው ዝናብ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ ነገሩ ይገለጥለታል።

የፍልፈሉን ዋጋ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው ግን ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ሲሆን፣ በመላው አገር የቀሩት ለዐቅመ መውለድ የደረሱት ቀበሮዎች ቍጥር 500 እንኳ አይሞላም። ከእነዚህም ከእኩሌታ የሚበልጡት የሚኖሩት በባሌ ነው። ይህ ቀበሮ እንደ ሌሎቹ ወገኖቹ በየመንደሩ እየዞረ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ አይደለም። በባሌ ከሚበላው ከዐሥር እጅ ዘጠኙ የአይጥ ወገን ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ በሥጋው ብዛት ቀዳሚው ታላቁ ፍልፈል ነው። ቀበሮው ሆዱን ከምድር አጣብቆ ወደ ጕድጓዱ ይቀርባል፤ ፍልፈሉ ራሱን ብቅ እስኪያደርግ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ አንዳንድ ጊዜም በእግሩ ቈፍሮ ያወጣዋል። ፍልፈሉ በቀን ስለሚወጣ ቀበሮውም አዳኝነቱን በቀን አድርጓል። ረዥሙ አፉና ቀጫጭን እግሮቹ እንኳ ለዚህ አደን የተስማሙ ናቸው። ስለዚህ ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ የሚደክም ሰው ፍልፈሉን ቢረሳ፣ እንግዳ ጋብዞ ማዕዱን እንዳነሣ ሰው ይቈጠራል።

ይህ ፍጥረት ከሰው ጋራ ያለው ዝምድናም ጥንታዊ ነው። በባሌ ተራሮች ፊንጫ ሀበራ በሚባል፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ባለው ስፍራ የሚገኝ የዓለት ጥላ በሊቃውንት ተቈፍሮ፣ ውጤቱ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2019 ታትሞ ወጥቷል። ከዛሬ 47,000 ዓመት እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን፣ ከባሌ ራስ ላይ ግግር በረዶ ሳይጠፋ፣ ሰዎች በዚያ ይኖሩ እንደ ነበረ ተረጋግጧል። ከእሳት ምድጃቸው ከተገኘው አጥንት አብዛኛው የታላቁ ፍልፈል ነበረ። በዚያ ብርድና በዚያ ከፍታ ሰውን ካኖሩት ነገሮች አንዱ ይህ ትንሽ ቈፋሪ እንደ ሆነ በዚህ ታወቀ። ከዚህም አንድ ቁም ነገር ይገኛል። የጥንቱ አዳኝ ፍልፈሉን እያደነ ብዙ ሺህ ዓመት በላ፤ ፍልፈሉ ግን አላለቀም። የሚኖርበት ምድር እስካለ ድረስ የተበላው ይተካ ነበረና። የዛሬው አደጋ ግን ከዚያ ይለያል፤ ዛሬ የሚወሰደው ምድሩ ራሱ ነው። በወጥመድ የተያዘ ፍልፈል በልጁ ይተካል፤ በማረሻ የተወሰደ ጕድጓድ ግን በምን ይተካል?

የአደጋው መንገድ ሦስት ነው። የመጀመሪያው እርሻ ነው። ገብስ ከጥንት ጀምሮ የደጋ ሰው እህል ነው፤ ነገር ግን የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ ሲሄድ ማሳው ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ላይ እየወጣ፣ ቀድሞ ያልታረሰውን ሜዳ ይነካል። ሁለተኛው ከብት ነው። በባሌ «ጎዳንቱ» የሚባል የቈየ ሥርዐት አለ፤ አርብቶ አደሩ በታወቀ ወራት ከብቱን ወደ ደጋ አውጥቶ፣ ከሆራው ማዕድን ያለበትን ውሃ አጠጥቶ፣ ወራቱ ሲያልፍ ወደ ታች ይመልስ ነበረ። ደጋው በዚያን ጊዜ ያርፍ ነበረ። አሁን ግን ብዙ ሰው ለወራት መጥቶ የሚመለስ መሆኑ ቀርቶ ዘወትር የሚኖር ሁኗል፤ ሣሩም ዕረፍት አጥቷል። ከብትና ፍልፈል የሚበሉት አንድ ሣር ነው። ሣሩ ሲያንስ ፍልፈሉ ከጕድጓዱ ርቆ ለመውጣት ይገደዳል፤ ከብቱም አፈሩን ሲረግጠው መንገዱ ይናዳል። ሦስተኛው ከመንደር ጋራ የሚመጣው ውሻ ነው። ውሻ ፍልፈሉን ያድናል፤ ይልቁንም የእብድ ውሻን በሽታ ወደ ቀበሮ ያስተላልፋል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1991ና በ1992፣ ደግሞም በ2003ና በ2004 ይህ በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ላይ ብርቱ ጥፋት አድርሷል።

በእነዚህ ላይ የአየሩ መሞቅ ይጨመራል። የቆላ ፍጥረት ምድሩ ሲሞቅበት ወደ ደጋ ሊወጣ ይችላል። የተራራ ራስ ላይ የሚኖር ግን ወዴት ይወጣል? ከቱሉ ዲምቱ፣ ከ4,377 ሜትሩ ጫፍ በላይ ሰማይ እንጂ ምድር የለም። ፍልፈል በክንፍ አይበርርም፤ ቆላውን አቋርጦ ወደ ሌላ ተራራ ለመሻገርም አይችልም። የሚወደው አፈሩ ጥልቅ የሆነውንና ውሃ የማይተኛበትን ስፍራ ስለ ሆነ በተራራው ላይ እንኳ በሁሉ ቦታ አይኖርም። ከታች ማረሻ፣ ከላይ የተራራው ጫፍ፣ በመካከል ከብት ያስጨነቀው ፍጥረት በዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ተቈጥሮ መጻፉ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲነገር አንዳንድ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አለ። «ሰው እየተራበ ለአይጥ ወገን ምድር ይከለላልን? የድሀው ከብት ከሚሞት ፍልፈሉ ቢሞት አይሻልምን?» ይላል። ይህ ጥያቄ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም፤ የሚጠይቀው ሰው በደጋው ብርድ ልጆቹን የሚያሳድግ፣ ግብሩን የሚከፍል ዜጋ ነውና። ነገር ግን መልስ አለው። በሳነቴ ከፍታ ላይ የሚታረስ ምድር ቀጭን ምርት ይሰጣል፤ በውርጭ የተመታው ገብስ ፍሬ ሳይዝ የሚቀርበት ዓመት ጥቂት አይደለም። አፈሩ ታርሶ ከተሸረሸረ በኋላም እርሻው ይተዋል፤ ሣሩም አይመለስም። ያን ጊዜ ገበሬው እህሉንም ግጦሹንም ያጣል፤ በቆላ ያለው ወንድሙም ውሃውን ያጣል። እንዲሁም የትንሹ ፍልፈል ጥፋት በታላቁ ላይ ሊጻፍ አይገባም። በማሳ ገብቶ ሥር የሚበላው አንዱ ነው፤ ማሳ ከሌለበት ከተራራው ራስ ላይ ሣር የሚበላው ሌላው ነው። ታላቁ ፍልፈል ወደ ገበሬው አልወረደም፤ ገበሬው ነው ወደ እርሱ የወጣ። ዳኛ በአንዱ ወንጀል ሌላውን እንዳይቀጣ ሕግ ያዝዛል።

በሌላም በኩል፣ ሰውን በኀይል አባርሮ እንስሳ እጠብቃለሁ ማለት ዘላቂ እንዳልሆነ ያለፉት ዘመናት አስተምረዋል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከተቋቋመ ከዐምሳ ዓመት በላይ ሁኖታል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት በተለወጠበት ወራት በብዙ የአገሪቱ ፓርኮች የነበረው ጥበቃ ላልቶ፣ ብዙ የዱር አራዊት እንደ ተገደሉ የታወቀ ነው። በዙሪያው ያለው ሕዝብ የእኔ ነው ያላለው ነገር፣ ጠባቂው ዞር ባለ ጊዜ ባለቤት ያጣል። ስለዚህ ጥበቃው የሚጸናው የደጋው ሰው ከጥበቃው የሚያገኘው ጥቅም ከሚያጣው በበለጠ ጊዜ ነው።

ሕጉስ የለም ሊባል አይችልም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 541/1999 ታውጆ በሥራ ላይ ውሏል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ጽፎታል። ይህ ክብር ነው፤ ነገር ግን ክብር ብቻ አይደለም፤ ዕዳም ነው። ኢትዮጵያ ቅርሱን በዓለም ፊት ስታስመዘግብ፣ ለመጠበቅም በዓለም ፊት ቃል ገብታለች። አዋጅ በወረቀት ላይ ሲቀመጥ ፍልፈሉ አያነበውም፤ ማንበብ የሚገባቸው በየደረጃው ያሉት ሹማምንት ናቸው።

ከሹማምንት የሚፈለገው ነገር ብዙ ገንዘብ ከሚያስወጣው ይልቅ ብዙ ትጋት የሚጠይቀው ነው። በመጀመሪያ የፓርኩ ወሰን በወረዳውና በቀበሌው ሹም፣ በሽማግሌውና በገበሬው ፊት ተተክሎ የታወቀ መሆን ይገባዋል። ወሰኑ የማይታወቅ ምድር ጠብ እንጂ ጥበቃ አይወልድም። በወሰኑ ውስጥ አዲስ ማሳ ሲከፈት በመጀመሪያው ዓመት ዝም ያለ ሹም፣ በዐሥረኛው ዓመት መንደር ለማፍረስ ይገደዳል፤ ያ ደግሞ ለሹሙም ለመንደርተኛውም መከራ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለእንደዚህ ያለው ነገር ነው። ሁለተኛም የጎዳንቱ ሥርዐት ከባለቤቶቹ ጋራ ተመክሮበት እንዲታደስ ያስፈልጋል። የከብቱ ቍጥርና የሚወጣበት ወራት፣ የሆራው ተራ፣ የሚያርፈው ሜዳ በሽማግሌዎች ቃል ሲወሰን፣ ከውጭ ከመጣ ትእዛዝ ይልቅ ይከበራል። ከደጋው በታችም የከብት መኖ ቢለማ፣ የእንስሳ ሐኪም ቢቀርብ፣ ጥቂት ከብት ብዙ ወተት የሚሰጥበት መንገድ ቢከፈት፣ ወደ ሳነቴ የሚወጣው መንጋ በራሱ ይቀንሳል። ሦስተኛም በየመንደሩ ያለው ውሻ በየዓመቱ ይከተብ። ይህ ቀበሮውን ብቻ አያድንም፤ የመንደሩንም ሕፃን ከእብድ ውሻ ሞት ያድናል። ከአውሮጳ አቈጣጠር 2018 ጀምሮ ለራሳቸው ለቀበሮዎች በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት በባሌ መጀመሩ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ ያልተደፈነ ጐርፍ በባልዲ አይደርቅም።

አራተኛው መንገድን የሚመለከት ነው። ከጎባ ተነሥቶ በሳነቴ ላይ አልፎ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ለሕዝቡ ንግድና ኑሮ አስፈላጊ ነው፤ ይዘጋ የሚል አስተዋይ ሰው የለም። ነገር ግን በከፍተኛው ሜዳ ላይ መኪና በልኩ ይሂድ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅና ሰፈር አይመሥረት። መንገድ ለማለፊያ ከሆነ ይጠቅማል፤ በዚያ ከፍታ ላይ መስፈሪያ ከሆነ ግን ከማረሻ የማይተናነስ ጥፋት ያመጣል።

ከሹማምንት ቀጥሎ ድርሻው የካህናትና የመምህራን ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ደጋ በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ተቈርጦ ባለቀበት ስፍራ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ግን ጥዱና ወይራው ቆሞ የሚታየው በምን ኀይል ነው? በወታደር አይደለም፤ በመከበር ነው። ሕዝቡ «ይህ የእኔ አይደለም፤ የተሰጠ ነው» ብሎ ስላመነ ነው። ያ ዐይነት አክብሮት ከቅጽሩ ወጥቶ ወደ ተራራው ሊደርስ ይችላል። በመጀመሪያይቱ ገነት ሰው የታዘዘው ምድሪቱን እንዲሠራት ብቻ ሳይሆን እንዲጠብቃትም ጭምር እንደ ሆነ ካህናት ያውቃሉ። ሥራውን የሚያስተምር ብዙ አለ፤ ጥበቃውን ማስተማር ግን ከእነርሱ ይጠበቃል። በባሌ ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለ ሆነ የሼኾችም ቃል፣ የአባ ገዳዎችም ምክር ከዚሁ ጋራ ይተባበር። ምድርን የሚያጠጣው ዝናብ ሃይማኖት ለይቶ እንደማይወርድ፣ ጥበቃዋም የሁሉም ነው።

በትምህርት ቤትም ልጆች ስለ ሩቅ አገር አራዊት ከመማራቸው አስቀድሞ ወይም ከዚያ ጋራ፣ በአገራቸው ተራራ ላይ ያለውን ይህን ቈፋሪ ይወቁት። ስለ ጥርሱ ስለት፣ ስለ ዐይኑ አቀማመጥ፣ ከወፊቱ ጋራ ስላለው ኅብረት የተማረ ልጅ ጕድጓዱን በእንጨት አይወጋም። ነገ ሹም፣ መምህር ወይም ገበሬ ሲሆን ደግሞ ስለ ተራራው የሚቈርጠው ፍርድ ከማወቅ የመነጨ ይሆናል። ሰው የማያውቀውን አይወድም፤ የማይወደውንም አይጠብቅም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በብዙ ነገር ላይ ተፈጽሟል። ከኢትዮጵያ ደጋ ላይ ስንቱ ደን፣ ስንቱ ምንጭ ከጠፋ በኋላ ነው የተለቀሰለት። በባሌ ግን ጅቡ ገና አልሄደም፤ ፍልፈሉ ዛሬም በሳነቴ ላይ አፈሩን እየገፋ ነው፤ ቀበሮውም በጕድጓዱ አፍ ይጠብቃል፤ ወፊቱም ትጮኻለች። ለማዳን የሚያስፈልገው እውቀት አለ፤ ሕጉም አለ፤ ምድሩም ገና አለ። የቀረው በየደረጃው ያለው ሹም በሚቀጥለው የበጋ ወራት አዲስ ማሳ ሳይከፈት፣ መንጋውም ወደ ደጋ ሳይወጣ ወሰኑን መርምሮ፣ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መምከሩ ነው።